ከኋላዬ ላለኸው

ሐምሌ (ጁላይ) 7፣ ሰኞ

ቁልፉ እጄ ገባ! የእንቁላል መኪናው ቁልፍ። የኔ… ማለት ለጊዜው የኔ።

አራት ዓመት ረዳት ሆኜ ሸራ ስጎትት፣ ጎማ ስቀይር፣ ትሪ ስሸከም ከርሜ ዛሬ መሪ ጨበጥኩ። ከብሊታር ሱራባያ፣ ደርሶ መልስ። በዚህ መንገድ ከኔ የሚበልጥ ሹፌር ካለ ይምጣና ይታይ። የለማ! ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዓይኔ ንስር ነው። እጄ ደግሞ… ተወው፣ ራሳቸው ያዩታል።

እመቤታችን ቡ ዊናርሲ ቁልፉን የሰጡኝ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነው። ዶሮዎቹም፣ መኪናውም፣ እኛም የሳቸው ነን።

«ጉንቱር፣ ዛሬ ሰኞ ክሊዎን ነው» አሉኝ። «የገበያ ቀናችን ክሊዎን ዳግም ሰኞ ላይ እስኪውል ሠላሳ አምስት ቀን አለህ። እንቁላሌ ደህና ከገባ መኪናው ያንተ ነው። ካልገባ ለቦዎ እሰጠዋለሁ።»

ቦዎ የእህታቸው ልጅ ነው። ጸጉሩን ቅባት እየደፋበት ሞተር ሳይክል ላይ የሚንቀባረር። እሱ ከሚነዳው ዶሮዎቹ ቢነዱት ይሻላል።

ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ፓክ ጂማን አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይሄን መኪና የነዱ ሽማግሌ። የለቀቁት ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ስላለ ነው። ቡ ናቸው «ልጁን እይልኝ» ብለው አብረውኝ ያስቀመጧቸው። ሱፍ እየቆረጠሙ ልጣጩን በመስኮት እንትፍ… እንትፍ። ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገሩ ነው።

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ላስትሪ ናት። የኔዋ። እዚያው ቡ ጋ እንቁላል ትለያለች፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው። «ንዴትህን ሰው ላይ ከምትተፋ እዚህ ላይ ትፋው» አለችኝ። እሺ። ዛሬ ግን ንዴት የሚባል ነገር የለም። አንድም መኪና አልቀደመኝም!


ሐምሌ 9

ንዴት አለ።

ኬሳምቤንን እንዳለፍኩ አንድ አረንጓዴ አውቶቡስ መጥቶ ኋላዬ ላይ ተለጠፈ። መለጠፍ ስል እንደ ቴምብር። በስፖኪዮ ሳይ መስታወቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ጎማው አይታይም። መብራት ብልጭ፣ ብልጭ። ያ ዘፋኝ ጥሩምባው ደግሞ ቴሎ-ሌት፣ ቴሎ-ሌት… ሠርግ ቤት ነው እንዴ?

«ልቀቀው» አሉ ፓክ ጂማን።

«እኔን? እኔን ሊቀድም?»

«አዎ፣ አንተን።»

አለቅም አልኩ። ትንሽ ላስደንግጠው ብዬ ፍሬን ያዝኩ። ትንሽ። እሺ… ትንሽ አይደለም።

ከኋላ የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ክርርርች… ከዚያ ዝም። ከዚያ የሚንጠባጠብ ነገር።

ፓክ ጂማን ልጣጫቸውን ተፉና፣ «ፍሬኑ ለማን ነበር?»

«ለአውቶቡሱ።»

«አውቶቡሱ ደህና ነው» አሉ።

እውነትም አለፈኝ፣ እየዘፈነ። እኔ አሥራ አራት ትሪ እንቁላል ፈሶብኝ መንገዱን ቢጫ እየቀባሁ ሱራባያ ገባሁ። ገበያው ውስጥ ድመት ሁሉ ተከተለኝ። አንዷ ስፖንዳው ላይ ወጥታ አልወርድም አለች።

ማታ ቡ ዊናርሲ ጣታቸውን ስፖንዳው ላይ አሳለፉና አዩት። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ሌላ አንድ ቀን እንዲህ ቢጫ ሆነህ ብትመጣ ሠላሳ አምስት ቀኑን አልጠብቅም» አሉ።

ቦዎ ግንብ ተደግፎ ያፏጫል። ምን ያፏጫል? የዛ አውቶቡስ ጥሩምባ ዜማ!


ሐምሌ 11

ዛሬም ተለጠፈብኝ። ፍሬን አልያዝኩም። ጥርሴን ነው የያዝኩት። ጥርሴ አመመኝ።


ሐምሌ 13፣ እሑድ

አገኘሁት! መፍትሔውን አገኘሁት። እንደኔ የሚያስብ ሰው በዚህ ወረዳ የለም።

የኛ መኪና የኋላ ስፖንዳ ባዶ ነው። ነጭ። ሌላው መኪና ሁሉ ኋላው ላይ ሥዕል አለው፤ ነብሩ፣ ቆንጆዋ ሴት፣ የሚያስቀው ጽሑፍ። ፓክ ጂማን ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ ስፖንዳ ይዘው መሄዳቸው… እንዴት አላፈሩም? ሰው የሚዳፈረኝ ለዚህ ነው። ማን እንደሆንኩ አያውቅማ!

ሰዓሊው ገንዶን ጋ ሄድኩ። ሄልሜት ያደረገች ትልቅ ዶሮ ሣለልኝ፣ ዓይኗ እሳት የሚተፋ። ከሥሯ ደብዳቤ። ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት፦

«ከኋላዬ ላለኸው። ጉንቱር እባላለሁ፣ የብሊታር ልጅ። የጫንኩት እንቁላል ነው። ዛሬ ጠዋት ቤትህ የበላኸውን እንቁላል ያመጣሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ስለዚህ ጎራሽ አጉራሹን አይገፋም…» እያለ ይቀጥላል። ስለ መንዳት ችሎታዬ ሁለት መስመር። ስለ ፍሬኔ አንድ መስመር። ስለ ትዕግሥቴ አንድ መስመር። መጨረሻ ላይ ለላስትሪ ሰላምታ። በጠቅላላ አሥራ አንድ መስመር።

«ቦታው አይበቃም ማስ፣ ወንድሜ» አለኝ ገንዶን። «ወይ አሳጥረው ወይ ፊደሉን ላሳንሰው።»

«አሳንሰው! አንድ ቃል እንዳይቀነስ።»

ገንዶን አየኝ። ፓክ ጂማንን አየ። ፓክ ጂማን ሱፋቸውን ቆረጠሙ። ምን ነበር ሁለቱ እንዲህ የሚተያዩት?


ሐምሌ 15

የሚገርም ነገር። ዛሬ ከወትሮው የባሰ ተጠጉኝ። አውቶቡሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም። ታክሲው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ሲሚንቶ የጫነው ሳይቀር። ግን አይጮሁም። ዝም ብለው ተጠግተው… ይስቃሉ?

ፈርተው ነው የሚስቁት። ሰው ሲፈራ ይስቃል።


ሐምሌ 16

ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ሞተር ሳይክል። የኋለኛዋ ስልኳን ዘርግታ ዶሮዬን ትቀርጻለች። ስፖንዳውን በእጇ ልትነካ ምን ቀራት። ቀይ መብራት ላይ ጎኔ ደረሱና፣ «ማስ ጉንቱር! አሥረኛውን መስመር አቧራ በልቶታል፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

ስሜን ታውቃለች! ታዋቂ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ፓክ ጂማን ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታሁላቸው። ሱፍ ነው አሉ። ሱፍ ግን ዕንባ ያስወጣል እንዴ?


ሐምሌ 18

ገብቶኛል። አሁን ገና ገባኝ። ወይኔ ጉንቱር።

ኬፓንጄን ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሙሽራ። ከኋላ ድው! አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና። ዘልዬ ወረድኩ፣ እጅጌዬን እየጠቀለልኩ። ከውስጥ መነጽር ያደረገ ደልደል ያለ ሰውዬ ወጣ፣ እየተንቀጠቀጠ።

«ይቅርታ ማስ! በአላህ ይቅርታ! ሰባተኛው መስመር ላይ ደርሼ ነበር…»

ሰባተኛው መስመር። ስለ ፍሬኔ የሚያወራው።

ሚስቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ላስትሪ ማናት? እኔ መጨረሻውን ነው ቀድሜ ያነበብኩት» አለች።

እጅጌዬን ፈታሁት። ሰውዬውን ጠርቶ ያመጣው የኔ ደብዳቤ ነው። የጻፍኩት ራቁ ለማለት፤ ለማንበብ ግን አፍንጫህን ስፖንዳው ላይ ማስደገፍ አለብህ!

«ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር አይደል?» አልኳቸው ፓክ ጂማንን።

«ጥሩ ነው የጻፍከው» አሉ። «እኔ ስምንተኛውን ነው የወደድኩት። የትዕግሥቱን።»

ሁለት ትሪ ተሰበረ። ማታ ቡ ፊት ቆምኩ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ፣ የመጨረሻዬ ቀን ነው ብዬ። ረጅም ሰዓት ዶሮዋን አዩ። «ሁለት ትሪ ቢጫ አይባልም» አሉ። «ግን ይሄን መጽሐፍ ነገ ከመኪናዬ ላይ አንሳልኝ።»

ከቡ የባሰችው ላስትሪ ናት። «ስሜን? እንቁላል መኪና ኋላ? አቧራ ውስጥ?» ብላ እርጥብ ጨርቅ ወረወረችብኝ። ደግነቱ እንቁላል አልነበረም።


ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዶሮዋ እዚያው ቀረች። ደብዳቤው ጠፋ። በምትኩ ገንዶን ክንዴን የሚያክል ፊደል ጻፈ፦ እንቁላል። በቃ። ከሩቅ ይነበባል።

ትንሽ ከፍቶኛል። ጥሩ ደብዳቤ ነበር።


ሐምሌ 23

ዛሬ አሳየሁት! አውቶቡሱን አሳየሁት።

እዚህ በግራ ነው የሚነዳው፣ ቀዳሚው በቀኝ ይወጣል፤ መንገዱ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ። ከፊት ያለ መኪና የግራ ፍሬቻ ካበራልህ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ ማለቱ ነው። የቀኝ ካበራ፣ ቆይ፣ ከፊት የሚመጣ አለ ማለቱ። ከኋላ ያለው ማየት ስለማይችል ያንተ ዓይን ነው ዓይኑ።

እኔ ምን አደረግኩ? መንገዱ ጭር ባለበት፣ ውሻ እንኳ በሌለበት፣ ቀኝ ፍሬቻዬን አበራሁና ረሳሁት። ማለት… አልረሳሁትም። ሃያ ኪሎ ሜትር! አውቶቡሱ ወጣ ይላል፣ ፍሬቻዬን ያያል፣ ይመለሳል። ወጣ፣ ይመለሳል። በሳቅ ፈነዳሁ። አንድ እንቁላል አልተሰበረ፣ ፍሬን አልተያዘ። ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!

ፓክ ጂማን ግን አልሳቁም። ሱፉን አስቀመጡት። ሱፍ ሲያስቀምጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«አጥፋው» አሉ።

«ኧረ ፓክ፣ ቀልድ እኮ…»

«አጥፋው አልኩህ!»

አጠፋሁት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ መኪና ፍሬቻ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ። «መኪናዋን ያውቋታል። አረንጓዴው አውቶቡስም ቢጫውም ይቺን ፍሬቻ አምኖ ነው ስንት ነፍስ ጭኖ የሚወጣው። አንተ ዛሬ በአንድ ቀን…» አልጨረሱትም።

ሱራባያ እስክንገባ ቃል አልተነፈሱም። ያለ እንትፍታቸው ጋቢናው እንዴት ይጨንቃል?


ሐምሌ 24

ዛሬም ዝም። ሱፍ ገዛሁላቸው። ከረጢቱን አልከፈቱትም።


ሐምሌ 25

አውቶቡሱ መጣ። ከልቤ ግራ አበራሁለት፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ። አላለፈም! ጠረጠረ። እየተጠጋ፣ እየራቀ፣ አንገቱን እያወጣ… በመጨረሻ ራሱ አይቶ አለፈ። ጥሩምባም አላሰማኝም።

ምን አባቱ። ግን… ለምን ቅር አለኝ?


ሐምሌ 26

ፓክ ጂማን ተናገሩ። «አቁም፣ ፔቸል እንብላ» አሉ። ኬፓንጄን መግቢያ፣ ሹፌሮች የሚያቆሙበት ምግብ ቤት። ስገባ አረንጓዴው አውቶቡስ ደጅ ቆሟል! ደሜ ፈላ። ሹፌሩን በዓይነ ሕሊናዬ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ፤ ፂማም፣ አንገተ ወፍራም፣ እጁ እንደ አካፋ።

ፓክ ጂማን ወደ አንድ ጥግ መሩኝ። ቅጠል ላይ ፔቸሉን፣ በለውዝ የራሰ አትክልቱን፣ የሚበላ አጭር፣ ቀጭን፣ ራሰ በራ ሰውዬ። ከሥሩ ትራስ። ያ ትራስ መሪው ላይ እንዲደርስ የሚቀመጥበት ነው።

«ሩስላን፣ ‹ልጄ› የምልህ ይሄ ነው» አሉ ፓክ ጂማን።

ሰውዬው ቀና አለ። አፉን ጠረገ። «አሃ! ውሸታሟ ዶሮ!»

ምግብ ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ውሸታሟ ዶሮ! ለካ ከዚህ እስከ ማላንግ ሹፌሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ።

«እርስዎ ደግሞ ኋላዬ ላይ የሚለጠፉት!» አልኩ። «ምን ያስቸኩልዎታል? ምጥ ይዞዎታል?»

«ከኋላዬ ሌላ አውቶቡስ አለኛ» አለ። «እሱ ከቀደመኝ ከዚህ በኋላ ያለውን ተሳፋሪ ሁሉ ለቅሞ ይሄዳል። እኔ አንተን እገፋለሁ፣ እሱ እኔን ይገፋል። እሱን ደግሞ ሚስቱ ትገፋዋለች መሰለኝ፣ እንጃ።»

ሳቄ መጣ። ልይዘው ብል እምቢ አለኝ።

«ስማ ማስ» አለ ቴምፔውን፣ የተጠበሰ አኩሪ አተሩን፣ እያቀረበልኝ፣ «መጠጋቴ ጥፋቴ ነው፣ አልዋሽህም። ግን የፓክ ጂማን መኪና ግራ ካለ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣ ነበር። አሁን ምን ልመን?»

እኔ ጉንቱር ቴምፔውን በላሁ።


ሐምሌ 28

ፓክ ጂማን ያስተምሩኛል። ማስተማር ከተባለ።

«ከኋላህ ያለው ርቀት ያንተ አይደለም፣ የሱ ነው። ያንተ ከፊትህ ያለው ነው። እሱን አስፋው።»

«ካሰፋሁት ይገቡበታላ!»

«ይግቡ።»

«ሁሉም ይገባል እኮ!»

«እንደገና አስፋው።»

ዛሬ አሥራ ስምንት መኪና ገባብኝ። አሥራ ስምንት! ቆጥሬያለሁ። ሱራባያ የደረስነው ግን ከድሮው በስምንት ደቂቃ ብቻ ዘግይተን ነው። ይሄ ነገር እንዴት ይሆናል? ሰዓቴ ተበላሽቶ ይሆን?


ሐምሌ 30

አውቶቡሱ። ግራ አበራሁ። አመነታ… አለፈ። ጥሩምባ የለም።


ነሐሴ 1

ግራ። አለፈ። አጭር ቴሎ። ሌቱን ዋጠው። ቴሎም ቢሆን ቴሎ ነው።


ነሐሴ 4

አንድ ቀይ ፒክአፕ መብራቱን እያንቦገቦገ ኋላዬ መጣ። እጄ ወደ ጥሩምባው ሄደ፣ ተመለሰ። እግሬ ወደ ፍሬን ሄደ… ተመለሰ። ነዳጁን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፣ ወደ ጠርዝ ተጠጋሁ፣ ግራ አበራሁ። ሲያልፍ በመስኮት ሰደበኝ፣ እናቴን ጨምሮ።

«ምን አለ?» አሉ ፓክ ጂማን።

«አመሰገነ» አልኩ።

ጋቢናው ውስጥ እስኪያልበን ሳቅን። ሱፉ ሁሉ ወለል ላይ ፈሰሰ።

ሰባት ቀን ቀረኝ። ቦዎ ዛሬ መኪናዬን እየዞረ ጎማ ጎማዋን ሲረግጥ ላስትሪ አይታዋለች። ይርገጥ። ቢጫ ሆኜ አልመጣም።


ነሐሴ 6



ካራንግካቴስ ላይ፣ ግድቡ ጋ፣ ጠመዝማዛው ዳገት። ከፊቴ ቀርከሃ የጫነ መኪና፣ ራቅ አድርጌ እከተለዋለሁ። ከኋላዬ አረንጓዴው፣ ሰው በቁሙ የጫነ። ከሱ ኋላ ደግሞ ፓክ ሩስላን የሚሉት ሌላኛው አውቶቡስ፣ እሱም ተለጥፎበታል። ፓክ ሩስላን ተቻኩለዋል፣ በስፖኪዮ አየኋቸው፣ የአውቶቡሱን አፍንጫ ወደ ቀኝ ማውጣት ጀምረዋል።

ኩርባው ላይ ቀድሜ ደረስኩ። አየሁ።

ልጆች። የነሐሴ 17 በዓል ሰልፍ የሚለማመዱ ተማሪዎች። ነጭና ቀይ ለብሰው፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ የወዲያኛውን መስመር ሙሉ ይዘው ወደኛ ይመጣሉ። አስተማሪያቸው ፊሽካ አፏ ላይ፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ወደ ኋላ እየሄደች።

ቀኝ ፍሬቻ አበራሁ! ወዲያው ያሰብኩት ግን ምን መሰላችሁ… አያምነኝም። ውሸታሟ ዶሮ ናት ይላል። ይወጣል።

ክንዴን እስከ ብብቴ በመስኮት አወጣሁ፣ መዳፌን ወደ መሬት፣ ቆይ! ቆይ! ፓክ ጂማን አጠገቤ የሆነ ነገር ይላሉ፣ ዱዓ ይመስለኛል። ከፊት ቀርከሃው በድንገት ቀጥ አለ። ግን ርቀቱ ነበረኛ! ነዳጅ ለቅቄ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ፍሬኑን እንደ እንቁላል እየነካሁ… አንድ ትሪ ንቅንቅ አላለም።

ስፖኪዮውን አየሁ። አረንጓዴው አፍንጫ ግማሹ ወጥቶ ነበር።

ተመለሰ።

አመነኝ። አመኑኝ!

ልጆቹ በጎናችን አለፉ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ላብ በላብ። አንዱ ኋላዬ ያለችውን ዶሮ አይቶ ሰላምታ ሰጣት፣ እንደ ጄኔራል። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። አስተማሪዋ ልትቆጣ ብላ ራሷም ሳቀች። ምን እንዳለፈ አንዳቸውም አያውቁም። ይሻላል።

መንገዱ ሲከፈት ግራ አበራሁ። ፓክ ሩስላን ጎኔ ሲደርሱ አላዩኝም፣ ፊት ፊታቸውን ነው የሚያዩት፣ ፊታቸው ወረቀት መስሏል። ካለፉ በኋላ ግን ጥሩምባው… ቴሎ-ሌት፣ ቴሎ-ሌት፣ ቴሎ-ሌት፣ ኩርባውን ዞረው እስኪጠፉ።




ነሐሴ 7

ለላስትሪ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። «ምን ሆነሃል? አሞሃል?» አለችኝ። እኔ እንጃ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምኮራበት ነገር አግኝቼ ማውራት አቃተኝ።


ነሐሴ 9

ፔቸል ቤት ገባሁ። ውሸታሟ ዶሮ ያለኝ የለም። ፓክ ሩስላን ትራሳቸውን ጠጋ አደረጉና ቦታ ለቀቁልኝ። ሻይ ጠጣን። ስለ እግር ኳስ አወራን።


ነሐሴ 11፣ ሰኞ ክሊዎን

ሠላሳ አምስተኛው ቀን። ላስትሪ ጠዋት ትሪዎቹን ስትደረድር ሁለቴ አሰረቻቸው። «ብትባረር እኔ እንቁላል መለየቴን አልተውም፣ አንተን አበላሃለሁ» አለችኝ። ማጽናኛዋ ነው።

ሱራባያ ገባን፣ ተመለስን። ቡ ዊናርሲ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቦዎ ጎናቸው፣ ጸጉሩ ተቀብቶ። ስፖንዳውን ዞረው አዩ። ጣታቸውን አሳለፉበት። ደረቅ። ፓክ ጂማንን አዩ። ፓክ ጂማን ልጣጭ ተፉ።

«ዛሬ ስንት መኪና ቀደመህ?» አሉኝ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቁጥር ፈለግኩ፣ የለም።

«አልቆጠርኩም ቡ።»

«እንግዲያው መኪናው ያንተ ነው» ብለው ወደ ዶሮዎቻቸው ገቡ። በቃ! እንዲህ ብቻ!

ላስትሪ እልል ልትል ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ዶሮዎቹ ደንግጠው እንቁላል እንዳይከለክሉን። እኔ ግን ጮህኩ። አልቻልኩም። የአሥራ ሁለቱም ዶሮ ቤት ዶሮ አብሮኝ ጮኸ።


ነሐሴ 14

ቡ ሁለተኛ መኪና ገዙ። አሮጌ ነው ግን ደህና ነው። ለቦዎ! መናደድ ነበረብኝ፣ አይደል? ትንሽ ተናደድኩ። እስከ ዌሊንጊ ከተማ ድረስ። «አንተ ከፊት፣ እሱ ከኋላ» አሉ ቡ። ፓክ ጂማንንም ወሰዱብኝ፤ ከሱ ጋር ይቀመጣሉ።

ጋቢናዬ ባዶ። ሱፍ የሚቆረጥም የለም። ለባዶ ወንበር ሳወራ ራሴን ያዝኩት።

ቦዎ ደግሞ… ኧረ ያ ልጅ! ከግቢ ከወጣን ጀምሮ ኋላዬ ላይ ተለጠፈ። መስታወቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። መስታወቱ፣ የተቀባው ጸጉር፣ ጎኑ ፓክ ጂማን ረጋ ብለው እየቆረጠሙ። መብራቱን ብልጭ ያደርጋል፣ ልቀቀኝ፣ ልቅደም ብሎ መሆኑ ነው። ሳቅኩ። ብቻዬን መሪ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። እኔም እንዲህ ነበርኩ? ከዚህ እብስ ነበር እንጂ!

ፍሬን አልነካሁም። ከፊቴ ያለውን ርቀት አሰፋሁ፣ ለሁለታችንም እንዲበቃ። እሱ ቢስት እንኳ እኔ የማቆምበት እንዲኖረኝ።

ካራንግካቴስ ዳገት ላይ ስፖኪዮዬን አየሁ። ፓክ ጂማን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ምን አሉት ይሆን? የቦዎ መኪና ትንሽ ራቀ። ሁለት ሜትር የነበረው አምስት። አምስት የነበረው ሃያ። ሌላ ታክሲ መሐላችን ገባ፣ ወጣ፣ ሄደ። እንደገና ራቀ።

መስታወቴ ውስጥ ግንባር የለም፣ መብራት የለም። መንገድ አለ። ከመንገዱ በታች ደግሞ የግድቡ ውሃ፣ ጠዋት ፀሐይ ያረፈበት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ መሐሉ ላይ ቆሞ መረቡን ሲወረውር። አራት ዓመት በዚህ ተመላልሻለሁ። ውሃው ከዚህ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

ምግብ ቤት ስንደርስ ለቦዎ ልነግረው አልኩና ተውኩት። ራሱ ይየው።